ሰባተኛው ሜዳ ስንት ውኃ ይጠጣል

ኤልም ፎርክ፣ ነብራስካ
ኤፕሪል 27፣ 1986

እታለም ሊዲ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል እንደ ልማዱ ይነዝረኛል። ወር ሙሉ ስላልጻፍኩልሽ ይቅር በይኝ። ሣሩ ከበረዶው ሥር ብቅ ሲል ሌላ ነገር እንደማያሠራኝ ታውቂያለሽ። ይህን የጎልፍ ሜዳ መጠበቅ ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በኤፕሪል ደብዳቤ የጻፍኩበት ዓመት ካለ ንገሪኝ።

አይ፣ ቁጥሩን አልተሳሳትኩም። በሰዓት አራት ኢንች አልኩሽ፤ ዛሬም አራት ኢንች ነው። ደብተሬን አውጥቼ ደግሜ አይቻለሁ። ባለፈው ኦክቶበር የላክሽልኝን ሁለት የብረት ቀለበቶች፣ ትንሹን ከትልቁ መሀል አድርጌ፣ ሰባተኛው ሜዳ ላይ በመዶሻ መትቼ አስገባሁ። ሁለቱንም ውኃ ሞላኋቸው። የመሀለኛው በአንድ ሰዓት ምን ያህል እንደወረደ ለካሁና ላክሁልሽ። አንቺም የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪሽን ማኅተም አድርገሽ ፈረምሽበት። ከስድስት ወር በኋላ ምን ቆርቁሮሽ ነው የምትጠይቂኝ?

ይልቅ ደስ የሚል ወሬ ልንገርሽ። የከተማው ምክር ቤት ያንን ወረቀት አይቶ፣ "ሜዳው ዝናቡን እዚያው ከጠጣው ቦይ መቆፈሩ ለምን አስፈለገ?" ብሎ ከሜዳው ግርጌ ሊቆፈር የታቀደውን ቦይ ሰርዞታል። ከሜዳው ቁልቁለት ሥር አሥራ ሁለት አዲስ ቤቶች ተሠርተው አልቀዋል። ሦስተኛውን ማን የገዛው ይመስልሻል? ጃኔል! ልጄ በእግር አምስት ደቂቃ ልትሆነኝ ነው። ኦገስት ላይ ትወልዳለች። ባሏ ራስል ከመሬት በታች ያለውን ምድር ቤት መኝታ ቤት እያደረገው ነው፤ በሙቀቱ ወራት እዚያ ቀዝቀዝ ስለሚል ሕፃኑም አብሯቸው እዚያው ይተኛል ይላል።

ለምን አትደውልም ላልሽው፣ ስልኩ ያለው ክለቡ ቢሮ ውስጥ፣ ሰብሳቢው ሚስተር ኦልድሪች አፍንጫ ሥር ነው። ደግሞ እኔና አንቺ በስልክ ከሦስት ደቂቃ በላይ ካወራን እንጣላለን።

ወንድምሽ ኤሚል

•

ኦሪገን
ሜይ 3፣ 1986

ኤሚልዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ደብዳቤህን ቆሜ ነው ያነበብኩት። ለጃኔል እንኳን ደስ ያላት። አክስትሽ በጣም ደስ ብሏታል በልልኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኛል፤ ግን "ምድር ቤት" የሚለው ላይ ስደርስ መልሼ መላልሼ አነበብኩት። ከዚያ ወዲህ እጄ ሥራ አልይዝልህ ብሏል። ትናንት አንዱ ሰው ለምርመራ የላከውን አፈር ከሌላው ጋር ቀላቀልኩ፤ በአሥራ ስምንት ዓመት አንድ ጊዜ አድርጌው አላውቅም።

ምን ቆረቆረሽ አልክ። ልንገርህ። ያ ቁልቁለት አባታችን ታታ ላሞቹን ያሰማራበት የነበረው ነው። ዋልካ ነው፣ ኤሚል! እሑድ የዘነበው እስከ ሐሙስ ቆሞ፣ አንተ ያንን ቦት ጫማህን ጭቃው ውስጥ ትተህ በካልሲህ ቤት የገባህበት። ዋልካ በሰዓት አራት ኢንች አይጠጣም። ሩብ ኢንች ከጠጣም ጎበዝ ነው።

አትቆጣኝ፤ አንድ በአንድ መልስልኝ። የውጪው ቀለበት እስከ መጨረሻው ሙሉ ነበር? የፍልፈል ቀዳዳ አጠገብ አልነበረም? ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ሜዳው ላይ ምን ሠራህ? ሁሉንም ጻፍልኝ፣ ትንሽ ነው ብለህ የምትተወውን ሳይቀር። ስለ ፊርማዬም አታንሳብኝ፤ እሱን ራሴ እመጣበታለሁ።

እህትህ ሊዲ

•

ኤልም ፎርክ
ሜይ 11፣ 1986

ሊዲ፣

"እታለም" ያላልኩሽ ሆን ብዬ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ሣር ያሳደገ ሰው የፍልፈል ቀዳዳ ይጠፋዋል ብለሽ ነው? ፍልፈል እኔ ሜዳ ላይ! የውጪው ቀለበት አንድ ጊዜም አልጎደለም። በየአምስት ደቂቃው በማንቆርቆሪያ ስሞላ ወገቤ ተቆርጦ ነበር። ሰዓቱም የታታ ሰዓት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ሰዓት ይልቅ እሱን ነው የማምነው።

ከዚያ በፊት ምን ሠራህ ላልሽው፣ እንኳን ጠየቅሽኝ። እዚህ ማንም አልጠየቀኝም፤ አመሰግንሃለሁ ያለኝም የለም። የምክር ቤቱ ሰዎች ሊያዩ ይመጣሉ ሲባል ሰባተኛውን ሜዳ ለውድድር ቀን እንደማዘጋጀው አዘጋጀሁት። እንግዳ ሊመጣ ቤቱን ሳይጠርግ የሚቀበል አለ? በመብሻው ማሽን ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመለስኩበት። እንደ ጣት የወፈረ አፈር እየነቀለ የሚጥለው ማሽን ነው፤ ሥሩ አየር እንዲያገኝ። የተነቀለውን ለቅሜ፣ ቀዳዳው ውስጥ ጥሩ የወንዝ አሸዋ በመጥረጊያ አስገባሁ። ከላይ አጨድኩት። ኦልድሪች መጥቶ "ኤሚል፣ ይሄማ ሳሎን ምንጣፍ ነው" አለ። ቀለበቶቹን ያስገባሁት በነጋታው፣ እዚያው ጥሩ አድርጌ በሠራሁት ጥግ ላይ ነው። ቅንጣት ታህል እንከን አልነበረችበትም።

እንግዲህ ይህንን ሰምተሽ ልብሽ ይረፍ። ጃኔል ሜይ ሳያልቅ ትገባለች። ኮላች የሚባለውን ጣፋጭ ዳቦ ጋግራ ላከችልኝ፣ መሀሉ ፍሬ የተሞላውን። ሁለቱን አንቺን እያማሁ በላኋቸው።

ኤሚል

•

ኦሪገን
ሜይ 17፣ 1986

ኤሚልዬ፣ ወንድሜ፣

ተቀመጥና አንብበው።

የለካኸው ሜዳውን አይደለም። የለካኸው መብሻህን ነው። ቀለበቱ ውስጥ በትንሹ ሠላሳ በአሸዋ የተሞሉ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ውኃው እነሱ ውስጥ ገባ፣ አንተም አፈሩ ጠጣው ብለህ ጻፍክ። አንተ ላይ አልፈርድም። ላቦራቶሪ ውስጥ ያደገ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ ይህን የሚያደርገው ሣሩን የሚወድ ሰው ብቻ ነው። ደግሞስ የበሳኸው አንዷን ጥግ ነው፤ የቀረው ቁልቁለት ያው የታታ ዋልካ ነው። በዚያ ላይ ያ ቀዳዳ በክረምቱ፣ በሰው እግርና በማሽን ጎማ ተደፍኗል። ዛሬ ዝናብ ቢመጣ የሚያገኘው የተዘጋ በር ነው።

እንደገና ለካ። ያልተበሳ፣ ያልታጨደ፣ ማንም የማያየው ቦታ ላይ። ሦስት ቦታ። አንድ ሰዓት አይበቃም፣ ሦስት ሦስት ሰዓት ቆይ።

አሁን ስለ ፊርማዬ። አራት ኢንች የሚለውን ሳይ ልክ እንዳልሆነ ያኔውኑ ገብቶኝ ነበር። አዎ፣ ያኔውኑ። ታታ ከሞተ ጀምሮ ስድስት ዓመት ተኳርፈን፣ መጀመሪያ የጠየቅኸኝ ነገር ያ ወረቀት ነበር። "ልክ አይደለም" ብልህ ተመልሰህ ታኮርፋለህ ብዬ ፈራሁ። ሜዳ ነው፣ ጎልፍ ነው፣ ማን ይጎዳል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ከሥሩ ቤት እንደሚሠራ አልነገርከኝም፤ እኔም አልጠየቅኩህም። ካንተ ጥፋት የኔ ይብሳል። አንተ ሳታውቅ ነው።

ሊዲ

•

ኤልም ፎርክ
ጁን 8፣ 1986

እታለም፣

ሦስት ሳምንት ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

ለክቻለሁ። ቶሎ ነው የለካሁት፣ ደብዳቤሽ በደረሰ ማግስት፤ ሜይ 23። ዛፎቹ አጠገብ፣ ሣሩ ቁርጭምጭሚት በሚደርስበት። ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩና ውኃውን ማየት ጀመርኩ። ውኃውም እኔን ያየኛል። አንድ ቢራ የያዘ ተጫዋች አልፎኝ ሲሄድ፣ "ኤሚል፣ ዓሣው አልበላም?" አለኝ። ሳቅኩለት። ከአንድ ሰዓት በኋላ የወረደው እርሳስ ቢጋደም የሚሸፍነውን ያህል ነው። ሁለተኛው ቦታም ያው። ሦስተኛው ቦታ ላይ ከሦስት ሰዓት በኋላ ገና ሰማዩ ይታይበት ነበር። ሩብ ኢንች፣ አንቺ እንዳልሽው። ስትረቺኝ ደስ ይበልሽ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ቀልዱም አልመጣልኝም።

ለማንም አልነገርኩም። ጃኔልስ ትዪኝ ይሆናል። ሜይ 30 ገቡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመጻፍ አፍራለሁ፤ ግን ካንቺ ሌላ ለማን እናገራለሁ? እሑድ ዕለት ራስል "አባባ፣ ምንጣፉን አንድ ጫፍ ያዙልኝ" አለኝ። ምድር ቤቱ ውስጥ ተንበርክኬ፣ ምንጣፉን እየወጠርኩ ግድግዳ ለግድግዳ አነጠፍኩለት። እያወቅኩ፣ ሊዲ። ጃኔል ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ "አባዬ፣ ሣር ሲሆን ነው እንጂ ምንጣፍ ላይ እጅህ ጠማማ ነው" እያለች ትስቅብኛለች። የሕፃኑን አልጋ የምታኖርበትን ጥግ አሳየችኝ። እኔም "ጥሩ ጥግ ነው" አልኳት።

ብናገር ሥራዬ ይሄዳል፤ የምኖርባት ጎጆም የክለቡ ናት። ዕድሜዬ ሃምሳ ስምንት ነው። ስለዚህ ሌላ መላ ዘይጃለሁ። ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ቁልቁለቱን በሙሉ እበሳለሁ። በየቀኑ። አባላቱ የተነቀለው አፈር ጫማችን ሥር ገባ ብለው ያጉረመርማሉ። ኦልድሪች "ሜዳውን ወንፊት አደረግከው፣ ምን ነካህ?" አለኝ። ቁጭ ማለት አቃተኝ። ደመና ባየሁ ቁጥር ወጥቼ እቆማለሁ። እባክሽ እስከ መኸር ታገሺኝ፤ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ረጋ ብዬ እናገራለሁ።

ኤሚል

•

ኦሪገን
ጁን 14፣ 1986

ኤሚል፣

እስከ መኸር አልታገስህም። በሞቴ፣ ዝናብ ያንተን መኸር ይጠብቃል?

ጁን 23፣ ሰኞ፣ ለምክር ቤቱ ደብዳቤ እልካለሁ፤ ፊርማዬን አንስቻለሁ፣ ቁጥሩ ስሕተት ነው የሚል። ይህኛውን አስቀድሜ የምልከው ጃኔል ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ነው። ካንተ አፍ ትስማው። ያችን ልጅ ሲያጠምቋት ይዣታለሁ፤ ስትቆጣ አገጭዋ እንደ ታታ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ይውጣ። አልጋውን ወደ ላይ ታውጣ እንጂ ለዘላለም ብትቆጣን ግድ የለኝም። ውሸቴን ነው፣ ግድ አለኝ። ቢሆንም ንገራት።

የምትበሳውን ተው። ልብህን ነው የምታደክመው።

ሊዲ

•

ኤልም ፎርክ
ጁን 29፣ 1986

እታለም፣

ምን አለችህ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ልንገርሽ፣ እንዳለ።

ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ፣ ጁን 21፣ ከምሳ በኋላ ጃኔል ዘንድ ሄድኩ። አትክልት ቦታዋ ውስጥ ቲማቲም ትደግፍ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ መብሻውን፣ አሸዋውን፣ ሩብ ኢንቹን። ገመዱን እንደያዘች ሰማችኝና፣ "አባዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?" አለች።

"ከሜይ ሃያ ሦስት።"

"ምንጣፉን ስታነጥፍልን ታውቅ ነበር?"

"አዎ።"

"ጥሩ ጥግ ነው ስትለኝም?"

ገመዱን መሬት ላይ ጥላ ገባች። በሩን እንኳ አላጋጨችውም፣ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ብታጋጨው ይሻለኝ ነበር። ራስል ከኋላዬ ተከትሎ መጥቶ "ደክሞዎታል፣ ሩብ ይሁን አራት እርስዎም አያውቁትም" አለኝ። አልጋው እስካሁን ምድር ቤት ነው። ላይኛው ክፍል እንደ ምድጃ ይፋጃል፣ እሷም እግሯ አብጧል፤ የት ትተኛ?

ምክር ቤቱ ፊት ሐሙስ ቀረብኩ። ያንቺም ደብዳቤ ተነበበ። ኦልድሪች እዚያም ወንበር እንዳለው አልነገርኩሽም ይሆናል። ከአሥራ ሁለቱ ቤቶች አምስተኛው የሱ ነው፤ ከሁሉም ዝቅ ያለው። ተነሣና፣ "ኤሚል፣ አምና አራት አልክ፣ ዘንድሮ ሩብ አልክ። ከርሞ ደግሞ ሣሩ ውኃ ያመነጫል ልትለን ነው?" አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ያጠመዱኝ እንዳይመስልሽ፤ አብሬያቸው ያደግኩ ሰዎች ናቸው፤ ሳቁ ግን ሳቅ ነው። ጉዳዩ በሴፕቴምበር ይታያል ተብሎ ተዘጋ።

ሴፕቴምበር! ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ወዲያና ወዲህ ማለት ብቻ ሆኗል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። ውኃ ከሰባተኛው ሜዳ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ወንዙ እንዲሄድ ቢፈለግ ቦዩ ስንት ጥልቀት፣ ስንት ስፋት ይኖረዋል?

ኤሚል

•

ኦሪገን
ጁላይ 5፣ 1986

ኤሚልዬ፣

ላቦራቶሪው ምን አደረገሽ ትለኝ ይሆናል፤ ማኅተሜን ወሰዱብኝ። አሁን ጓዳ ገብቼ የአፈር ወንፊት አጥባለሁ። ይገባኛል፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን እንቅልፍ ይወስደኛል።

ለምን አልጠይቅህም። አንተ አብደሃል፤ ሜዳውም የክለቡ ነው፤ ያባርሩሃል። ሁለት ጫማ ጥልቀት። ከላይ ሦስት ጫማ ስፋት፣ ከታች ጠበብ ይበል፤ ግድግዳው ቀጥ ካለ ዋልካው ይናዳል። በየመቶ ጫማው አንድ ጫማ ዝቅ እያለ ይሂድ። በዓይንህ አትመን፤ ክር ወጥር፣ ውኃ ልክ ተጠቀም። ያወጣኸውን አፈር በቤቶቹ በኩል ቆልለው እንጂ በላይ በኩል እንዳትጥለው። ይህን የምነግርህ ሳልነግርህም ስለምትቆፍረው ነው፤ ከቆፈርከው አይቀር ጠማማ አይሁን።

ስንት ዓመት ያሳደግከውን ሣር ልትቆርጥ እንደሆነ ይገባኛል። እኔ እዚያ ሆኜ ጫፉን ብይዝልህ ደስ ባለኝ።

እህትህ

•

ኤልም ፎርክ
ጁላይ 17፣ 1986

እታለም፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጃኔል ደህና ናት። ሌላውን ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ቅዳሜ ጠዋት የክለቡን ቦይ መቁረጫ ማሽን አስነሥቼ ሰባተኛውን ሜዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰነጠቅኩት። የመጀመሪያው ቁርጥ ላይ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ከዚያ በኋላ ግን ገልጬ ነው። አባላቱ ጮኹብኝ። አንዱ "ሰውዬው ለየለት!" አለ። ሌላው ኳሱን በላዬ አሳልፎ መታና ጨዋታውን ቀጠለ። ኦልድሪች ያን ቀን ከተማ አልነበረም፣ ሰኞ ተመልሶ ሲያየው ፊቱ ቀላ፤ ማሽኑን በአሥር ደቂቃ ውስጥ አስወሰደብኝ። ወንዙ ጋ ለመድረስ ሠላሳ ጫማ ቀርቶኝ ነበር። እሱን በአካፋ ጨረስኩት፤ ማክሰኞ ከምሳ በፊት።

ዝናቡ የመጣው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ በስምንት ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ስንት ነበር እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ የክለቡ መለኪያ በሃምሳ ደቂቃ ሁለት ኢንች ተኩል ይላል። ቁልቁለቱ ምንም አልጠጣም። አንዲት ጠብታ። ውኃው በሣሩ ላይ ተንሸራቶ መጣና ቦዩ ውስጥ ገባ፣ እኔም እዚያው ቆሜ "ሂድ፣ ሂድ" እለዋለሁ፣ እንደ እብድ። ከዚያ በጃኔል ቤት አንጻር ግድግዳው መናድ ጀመረ። አፈሩ ቦዩን ሲዘጋው ውኃው ወደ ቤቶቹ በኩል ሊዞር ደረሰ። ዘልዬ ገባሁና መዛቅ ጀመርኩ። በአካፋ ባወጣሁ ቁጥር ሁለት አካፋ ይወድቃል። ልጄ ምድር ቤት ተኝታለች፤ በዚያ ሰዓት ትተኛለች።

ከኋላዬ አንድ ሰው ዘፍ ብሎ ሲወርድ ሰማሁ። ራስል ነው፣ ሸሚዝ እንኳ አልለበሰም። "አባባ፣ እርስዎ ወደ ወንዙ በኩል ይዛቁ፣ የሚናደውን እኔ ነኝ" አለኝ። አንድ ሰዓት ያህል ዛቅን። ውኃው ጉልበታችን ድረስ ነበር፣ ግን ይሄድ ነበር። ሲያባራ ራስል ቤት ገብቶ ወጣና ከላይ ሆኖ፣ "ጃኔል ምድር ቤቱ ደረቅ ነው በልልኝ ብላለች" አለኝ። ራሷ አልወጣችም። መስኮቱ ላይ ግን ቆማ አይቻታለሁ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የላከችልኝ የመጀመሪያ ቃል ነውና ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ላንቺ ምን እደብቃለሁ።

ትናንት ማለዳ ኦልድሪች ጎጆዬ ድረስ መጣ። ከቤቱ በቀጥታ በእግሩ ነው የመጣው። የስንብት ደብዳቤዬን አምጥቶልኝ ነው፤ የክለቡን ንብረት ስላበላሸሁ ከሥራ ተሰናብቻለሁ፣ ጎጆዋንም በወሩ መጨረሻ እለቃለሁ። "ኤሚል፣ ሌላ ምርጫ አልሰጠኸኝም" አለኝ። ሰባተኛው ሜዳ መቼም እንደማይድን ነገረኝ። እውነቱን ነው፣ አይድንም። ሲያወራኝ ዓይኔ ወደ መሬት ሄደ። ቡናማ የቆዳ ጫማ፣ የተወለወለ፣ ነጭ ካልሲ። ከአሥራ ሁለቱ ቤቶች ሁሉ ዝቅ ካለው ቤት ወጥቶ፣ አንዲት የውኃ ነጠብጣብ አልነካችውም። ያንን ቤት ያዳነው ቦዩ መሆኑን አላወቀውም፣ ሊዲ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ፈረምኩለት።

ወንድምሽ ኤሚል